ወፌ ቆመች ካልን በኋላ



ልጃችሁ የያዘውን ለቅቆ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን የቆመ ዕለት ምን አላችሁ? «ወፌ ቆመች!» አይደል? አጨበጨባችሁ፣ ጎረቤት ጠራችሁ፣ አባትየው ሥራ ቦታ ሆኖ ተደወለለት። ያን ዕለት ግን ዞር ብሎ ቤቱን የሚያይ ሰው የለም። ትናንት በደረቷ ስትሳብ የነበረች ልጅ ዛሬ ቆማለች፤ ምንጣፍ ላይ ይርመሰመስ የነበረው እጇ በአንድ ቀን ከጠረጴዛችን ጠርዝ ደርሷል። አንድ ዓመት የሞላው ልጅ ቁመቱ 75 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሁለት ዓመት ሲሞላው 86 ወይም 87 ይሆናል። እጁን ሽቅብ ሲዘረጋና በጣቱ ጫፍ ሲቆም የሚደርስበትን ደግሞ ጨምሩበት። ከወለሉ ጀምሮ እስከዚያ ድረስ ቤታችን ውስጥ ምን ምን አለ? ዛሬ የመጣሁት ይህን ላወራችሁ ነው።

እኔ ነርስ ነኝ። ከሥራ ዘመኔ የሚበዛውን ያሳለፍኩት የተቃጠሉ ሰዎች በሚታከሙበት ክፍል ነው። ይህን የምነግራችሁ ሙያዬን አይታችሁ እንድታምኑኝ አይደለም። እንዲያውም የገዛ ልጄ የተቃጠለችው እኔ ነርስ ሆኜ፣ በገዛ ቤቴ፣ ዓይኔ እያየ ነው።

የ13 ወር ልጅ ነበረች። እሑድ ከሰዓት ዘመድ ተሰብስቧል፤ እናቴ፣ ሁለት እህቶቼ፣ ባለቤቴ፣ አንዲት ጎረቤቴና እኔ። ስድስት ሰው፣ 12 ዓይን። ሻይ ተቀድቶ አጭሯ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ጠረጴዛዋ እናቴ በእጇ የሠራችውን ዳንቴል ለብሳለች፤ ጠርዙ እስከ ታች ተንዠርግጓል። ልጄ እየዳኸች መጣች፣ ለመቆም የምትይዘው ነገር ፈለገች፣ የዳንቴሉን ጫፍ ጨበጠችና ተነሣች። ሁላችንም አይተናታል። ታናሽ እህቴማ «ወፌ ቆመች» ብላ ማጨብጨብ ጀምራ ነበር። ጭብጨባው ሳያልቅ ብርጭቆው መጣ።

ከዚያ የሆነውን ደግሞ ስሙ። ጎረቤቴ የጥርስ ሳሙና ፍለጋ ሮጠች። እናቴ «እንቁላል! እንቁላል ስበሩ!» አለች። እኔ፣ ስንቷን እናት «ለምን ውሃ አላደረግሽበትም?» እያልኩ ስቆጣ የኖርኩት ሴትዮ፣ ልጄን አቅፌ ደረቷን እፍ እፍ እላለሁ። ውሃ ያለው ባለቤቴ ነው። ሹፌር ነው፣ ሕክምና አልተማረም። ከእጄ ነጥቆ ቧንቧ ሥር አስገባት። ልጅቱ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ናት፤ ደረቷ ላይ የሻይ ማንኪያ የምታህል ምልክት ቀርታለች። ዳንቴሉን ያን ዕለት ማታ አጥፌ ሣጥን ውስጥ ከተትኩት። እናቴ እስከ ዛሬ «መላእክት ናቸው ያተረፏት» ትላለች። አምናለሁ። ዳንቴሉን ያነሣሁት ግን እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል ጠላሁ፤ «ተጠንቀቂ» የሚለውን። ልጅ በተቃጠለ ቁጥር እናቲቱን የምንወቅሳት በዚህ ቃል ነው። «ምን ትሠሪ ነበር? አታይም ነበር?» እንላታለን። እያየች ነበር! እኛም ስድስታችን እያየን ነበር። ዓይን አይቶ እጅ እስኪደርስ ሻይ ይቀድማል። ደግሞስ ዓይን ስንቱን ያያል? ስልክ ይጮኻል፣ ወጥ ያርራል፣ በር ይንኳኳል፣ ትልቁ ልጅ የቤት ሥራ ይጠይቃል። ስለዚህ እኔ «ልጁን ጠብቁ» ማለቱን ትቼ «ዕቃውን አንሡ» ማለት ጀመርኩ። ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፤ አይደሉም። ልጁን መጠበቅ በየደቂቃው የሚታደስ ሥራ ነው። ዕቃውን ማንሣት አንዴ ተሠርቶ ያልቃል፤ ተኝታችሁም ቢሆን ይሠራላችኋል።

ስለ ሕፃናት ደኅንነት የተጻፉ የፈረንጅ መጻሕፍት አሉ። «የድስቱን እጀታ ወደ ውስጥ አዙሩ» ይላሉ። ምክሩ መልካም ነው፣ ጋዝና ስቶቭ ያላችሁ አድርጉት። ነገር ግን የተጻፈው እሳቱ 90 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ለተቀመጠበት ማድ ቤት ነው። እዚያ ልጅ የሚቃጠለው ትኩሱ ነገር ከላይ ሲወርድበት ነው። የእኛ ልጅ ግን ወደ ትኩሱ ነገር በእግሩ ይሄዳል። እሳታችን ወለል ላይ ነው። ከሰል ምድጃው ወለል ላይ፣ ረከቦቱ ወለል ላይ፣ ምጣዱ ከወለል ብዙም ሳይርቅ፣ እኛም በርጩማ ላይ ዝቅ ብለን። እኛ ቁጭ ብለን የምንሠራውን ሁሉ እሱ ቆሞ ይደርስበታል። የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ 180,000 ገደማ ሰው በቃጠሎ እንደሚሞት ይገምታል፤ አብዛኛው ሞት እንደ እኛ ባሉ አገሮች ነው። ይህ ቁጥር ሲነገር ለእኔ ዓይኔ ላይ የሚመጣው ድህነት የሚለው ቃል ብቻ አይደለም። ወለል ላይ ያለች ምድጃ ትመጣብኛለች።

እስቲ ቡናን እንደ ልጅ ሆናችሁ እዩት። ቄጤማ ተጎዝጉዟል፣ ያንሸራትታል። መሐል ላይ ፍሙ ቀልቷል። ከጎኑ ማጨሻው አለ፤ ትንሽ፣ ያማረ፣ የሚጤስ፣ ለልጅ እጅ በልኩ የተሠራ የሚመስል። ረከቦቱ ላይ አበባ ያለባቸው ሲኒዎች ተደርድረዋል፤ ከዚህ የበለጠ መጫወቻ ምን አለ? ጀበናዋ ታቿ ክብ ነው፤ መቀመጫዋ ላይ በደንብ ካልተስተካከለች ትንሽ ንክኪ ይበቃታል። ይህ ሁሉ በእናቱ ዙሪያ ነው የተዘረጋው። ልጁ ደግሞ በዚህ ምድር ላይ ሊደርስበት የሚፈልገው አንድ ቦታ ቢኖር የእናቱ ጭን ነው።

ቡና ተዉ አልላችሁም። ብላችሁም አትሰሙኝም፤ እኔም አልተውኩም። ግን የቡናውን ቦታ ወደ ጥግ ውሰዱት፤ ከኋላ ግድግዳ፣ ከጎን ሶፋ፣ ከፊት ቀጂዋ እንዲሆኑ። የሚቻላችሁ ረከቦቱን ከፍ ያለ ጠረጴዛ ላይ አውጡት። ወግ ፈረሰ ብሎ የሚቆጣ ሽማግሌ ይኖራል፤ ይቆጣ። ቡና የምትቀዳ ሴት ልጅ አትያዝ፤ ልጅ ያቀፈ ሰው ሲኒ አይቀበል። እኛ ቤት በተራ ነው፤ አቦልን የጠጣ በቶና ልጁን ይዞ ውጭ ይወጣል፣ በቶና የገባው በበረካ ይወጣል። አባቶችም በተራው አሉበት። እዚህ አዳራሽ ስድስት አባቶች ናችሁ፤ ቆጥሬያችኋለሁ።

አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃችን የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህ ለልጅ ቆዳ የሚያተርፍለት ነገር የለም። 60 ዲግሪ የሆነ ውሃ እንኳ የሕፃንን ቆዳ በጥልቀት ለማቃጠል ጥቂት ሴኮንድ ይበቃዋል፤ ቆዳው ከእኛ ቆዳ ስስ ነዋ። «በርዷል» ብለን የረሳነው ሻይ ከተቀዳ ከሩብ ሰዓት በኋላም ሕፃን ሊያቃጥል ይችላል።

ከውሃም የባሰ አለ፤ ሽሮ። ውሃ ፈስሶ ይወርዳል፣ ሽሮ ግን ይለጠፋል፤ ተለጥፎም ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። እየተንተከተከ ከነድስቱ ቀርቦ ወለል ላይ ወይም አጭር ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ሁላችንም ደስ ይለናል፤ ድክ ድክ የምትለዋም ደስ ይላታል። ገንፎም እንደዚያው ነው። አራስ ጥየቃ ሄጄ መሐሉ ላይ ቅቤ የቀለጠበት ገንፎ የአራሷ ታላቅ ልጅ አፍንጫ ሥር ተቀምጦ ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ሌላ ጉድ አለው። ሲጋገርበት ወደ 200 ዲግሪ ይደርሳል። ከሶኬት ከተነቀለ በኋላ ግን ነበልባል የለው፣ ጭስ የለው፣ ቀለሙ አይለወጥ፤ ጥቁር ክብ ነገር ሆኖ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ልጅ ቀይ ፍም ሊፈራ ይችላል፤ ጥቁር ምጣድ ግን በምን ይፍራ? መዳፉን ዘርግቶ ይደገፍበታል። የመዳፍ ቃጠሎ ደግሞ የሚከፋው ሲድን ነው። ጠባሳው እየተኮማተረ ጣቶቹን ወደ ውስጥ ያጥፋቸዋል። እስክሪብቶ ለመያዝ ቀዶ ሕክምና ያስፈለጋቸው ልጆች አይቻለሁ። እና «ጋግሬ ጨርሻለሁ» ማለት አደጋው አልፏል ማለት አይደለም፤ ምጣዱ እስኪበርድ በሩን ዝጉት።

በነገራችን ላይ «አንዴ ካልቀመሰው አይፈራም» ብለው የልጁን ጣት ትኩስ ነገር የሚያስነኩ ትልልቅ ሰዎች አሉ። ክፋት የላቸውም፣ እነሱም በዚያው አድገዋል። ግን የአንድ ዓመት ልጅ ከዚያ የሚማረው ያቺን ዕቃ ብቻ ነው። ጀበና የፈጀው ልጅ ስለ ምጣድ የተማረው የለም።

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል። ስለ ወጡ እውነት ነው፤ ስለ ልጁ ግን አይደለም። ገጠር ያሉ ዘመዶች ካሏችሁ ምርጥ የሚባለውን የእንጀራ ምድጃ ታውቁታላችሁ፤ ምጣዱን ዙሪያውን በሲሚንቶ የሚከድነውን። የተስፋፋው ማገዶ ስለሚቆጥብ ነው። እኔ የምወደው በሌላ ምክንያት ነው። ሦስት ጉልቻ በሦስት በኩል ክፍት ነው፤ ልጅ በሦስቱም በኩል እሳት ውስጥ ይገባል። ያኛው አንድ በር ብቻ አለው፤ በበሩ በኩል ደግሞ እናቲቱ ተቀምጣለች። አያቶቻችንም ዘዴ ነበራቸው፤ አንቀልባ። እሳቱ ከፊት፣ ልጁ ከኋላ። አንቀልባን እንደ ኋላ ቀርነት የሚያዩ ሰዎች እሳት ፊት ልጅ ታቅፈው ወጥ ሲያማስሉ ሳይ ምን እንደምል ይጠፋኛል።

አሁን ወደ ዘዴዬ ልምጣ። ማታ ቤት ስትገቡ አንድ የጠፋ ከሰል አንሡ። ልጁን ማድ ቤት ግድግዳ ጋ አቁሙትና ብስኩት ከላይ አሳዩት። እጁን ዘርግቶ፣ በጣቱ ጫፍ ቆሞ የደረሰበት ላይ በከሰሉ መስመር አስምሩ። ከዚያ አንድ ክንድ ጨምራችሁ ሌላ መስመር፤ በርጩማ ጎትቶ፣ ጀሪካን ላይ ወጥቶ የሚደርስበት ነው። የሚያቃጥል፣ የሚቆርጥ፣ የሚመርዝ ነገር ሁሉ ከላይኛው መስመር በላይ ይውጣ። ቢላዋ፣ ክብሪት፣ ፔርሙዝ፣ የውሃ ማፍያው፣ ከነገመዱ። ገመዱን አደራ! ማፍያው ከላይ ተቀምጦ ገመዱ የተንጠለጠለ ከሆነ ማፍያው ከታች እንዳለ ቁጠሩት። የእኔ ዳንቴል ያደረገው ያንን ነው። መስመሩን በየበዓሉ አድሱት፤ ለእንቁጣጣሽ የተሰመረው ለገና አይሠራም። ግድግዳው ይቆሽሻል የምትሉ አላችሁ፤ አዎ ይቆሽሻል።

«እኔ ያለችኝ አንድ ክፍል ናት፤ ማድ ቤቱም መኝታውም እሷው ናት» የምትል እናት እዚህ ትኖራለች። ለእሷ የማድ ቤት በር ዝጊ ማለት ቀልድ ነው። እንዲህ ዓይነት ቤት ሄጄ ልጅ በነጠላ ወገቡ ከአልጋ እግር ጋር ታስሮ አግኝቻለሁ። አብራኝ የነበረች ልጅ እናቲቱን ልትቆጣ ስትል ያዝኳት። ሴትዮዋ ያሰበችው ልክ ነው፤ ልጁንና እሳቱን አራርቃለች። የተሳሳተችው በገመዱ ነው፤ ነጠላው አንገት ላይ ሊጠመጠም ይችላል። የቴሌቪዥን ወይም የፍሪጅ ካርቶን ከሱቅ ለምነን ልጁን ውስጡ አስቀመጥነው፤ ጭልፋና የፕላስቲክ ሳህን ሰጠነው። ከእሳቱ ሁለት ሜትር ርቆ እናቱን እያየ ይጮኻል። ይጩህ። ከሰሉን ግን ብርድ ነው ብላችሁ ወደ ውስጥ አታስገቡት፤ ጭሱ ቢጠፋም መርዙ አልጠፋም፣ ሳይሸት ሳይታይ ይገድላል።

አንድ ሌላ የሚከብደኝ ነገር አለ። ብዙዎቻችን ቤት ልጁን የምትይዘው፣ ወጡንም የምትሠራው፣ እንጀራውንም የምትጋግረው አንዲት ልጅ ናት። ከገጠር ከመጣች ዓመት ያልሞላት፣ ስቶቭ ስታይ የመጀመሪያዋ የሆነ፣ አንዳንዴ ራሷ ገና 14 ዓመት ያልሞላት። ልጅ ልጅን ይዛ እሳት ፊት ቆማለች። አደጋ ሲደርስ «ሠራተኛዋ ናት» እንላለን። ሦስት ሥራ ባንድ ጊዜ የሰጠናት እኛ ነን። እናንተ ቤት ከሆነ ሰዓት ለዩላት፤ በምትጋግርበት ሰዓት ልጁ ከእናንተ ጋር ይሁን፤ እናንተ ከሌላችሁ ደግሞ አይጋገር።

ከተቃጠለስ? መልሱ ውሃ ነው። ቀዝቃዛ፣ ንጹሕ፣ የሚፈስ ውሃ፣ ለ20 ደቂቃ። በረዶ አይደለም፣ ቅቤ አይደለም፣ ማር፣ ሊጥ፣ የቡና አተላ፣ የጥርስ ሳሙና አይደለም። የሚቀቡት ነገሮች ሙቀቱን ውስጥ ያፍኑታል፣ ቁስሉን ያቆሽሻሉ፣ እኛ ደግሞ ሐኪም ቤት ስትመጡ ከቁስሉ ላይ እንፍቀዋለን፤ ልጁ ሁለተኛ ይቃጠላል። «20 ደቂቃ ከየት ይመጣል? ውሃ በፈረቃ ነው» ትሉኛላችሁ። አስቤበታለሁ። አንድ ጀሪካን 20 ሊትር ይይዛል። በጆግ በየደቂቃው አንድ ሊትር ቀስ እያላችሁ ብታፈሱ ልክ 20 ደቂቃ ነው። እኔ ቤት አንድ ጀሪካን ሁልጊዜ ሙሉ ነው፤ ዕቃ አይታጠብበትም፣ ቡና አይፈላበትም። ልብሱን፣ አምባሩን፣ ማተቡን ቶሎ አውልቁ፤ ከቆዳው የተጣበቀ ልብስ ካለ ግን አትላጡት። ውሃው ቁስሉ ላይ ብቻ ይፍሰስ፣ የቀረውን ገላውን በጋቢ ጠቅልሉ፤ ሕፃን ቶሎ ይበርደዋል። ውኃ የቋጠረውን አታፍርጡት። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ሂዱ። የልጁ መዳፍ ከነጣቶቹ ከገላው አንድ በመቶ ገደማ ነው፤ ከዚያ የሚበልጥ ከሆነ፣ ወይም ፊት፣ እጅ፣ እግር፣ ብልት፣ መገጣጠሚያ ላይ ከሆነ፣ ቢያንስም ይታይ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ ከሰሉ መስመር አጠገብ ጻፉት፣ ግድግዳው እንደሁ አንዴ ቆሽሿል።

ማድ ቤት ያለው እሳት ብቻ አይደለም፤ የቀረውን በአጭሩ ልበል። ነጭ ጋዝና በረኪና በሃይላንድ ጠርሙስ አታስቀምጡ። ልጁ ጠርሙሱን ያውቀዋል፤ ትናንት ውሃ ጠጥቶበታል። ከጠጣ አታስመልሱት። ነጭ ጋዝ ሆድ ውስጥ ካለው ይልቅ ሲመለስ ወደ ሳንባ የሚገባው ነው የሚያጠፋው፤ በረኪናም ሲመለስ ጉሮሮን ሁለተኛ ያቃጥላል። ወተት በግድ አትጋቱት። ጠርሙሱን ይዛችሁ ሩጡ፣ ሐኪሙ ምን እንደጠጣ ይይ።

የቡና ቁርሱንም ልብ በሉ። ቆሎ፣ ኦቾሎኒ፣ ፈንድሻ አራት ዓመት ላልሞላው ልጅ አይሰጥም። «እየው፣ ቆሎ ሲበላ!» ብላችሁ አትደሰቱ፤ በደንብ ፈጭቶ መዋጡን ገና አልቻለበትም። ካነቀው እየሳለ ከሆነ ተዉት ይሳል። ድምፁ ከጠፋ ግን ጣት አትክተቱ፣ ውሃም አታጠጡት፤ ወደ ፊት አስጎንብሳችሁት በመዳፋችሁ ትከሻዎቹ መሐል አምስት ጊዜ በኃይል ምቱት። ከዚያ የሚቀጥለው አንድ ዓመት ለሞላውና ላልሞላው ልጅ የተለያየ ነው፤ በወሬ አይለመድም፣ ስንጨርስ አሻንጉሊት አምጥቻለሁና በእጃችሁ ትሞክሩታላችሁ።

ባልዲም አለ። ፈረቃ ስለሆነ ባልዲው፣ ሳፋው፣ በርሜሉ ሁሉ ሙሉ ነው። ድክ ድክ የሚል ልጅ ጭንቅላቱ ከገላው ጋር ሲመዛዘን ከባድ ነው፤ ወደ ባልዲ አጎንብሶ ከወደቀ ራሱን አያነሣም። አምስት ሳንቲ ሜትር ውሃ ይበቃዋል። ድምፅ የለውም፣ አይንቦጫረቅም። ክዳን አድርጉ፣ ክዳኑ ላይ ከበድ ያለ ነገር አስቀምጡ። ያቺ የመጠባበቂያ ጀሪካንም ክዳኗ ጥብቅ ይሁን።

በቃኝ፤ ቡናው ሸቶኛል። በሩ አጠገብ በፌስታል የጠፋ ከሰል አስቀምጫለሁ፤ ስትወጡ አንዳንድ ፍሬ ውሰዱ። ቡናውን ያፈሉልን እህቶች ዛሬ ረከቦቱን እዚያ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ አውጥተውልኛል፤ ትንሽ ተከራክረውኝ ነበር። ያቺ ቀይ ሹራብ የለበሰችው ልጅ ደግሞ ንግግሬን ሳልጨርስ ሁለት ጊዜ ወደዚያ ሄዳ ተመልሳለች፤ አሁን የጠረጴዛውን ልብስ እየፈለገች ነው። አላደረግንበትም። የማን ልጅ ናት? እስቲ አንዱ አባት ይነሣና እስከ ቶና ይያዛት።